ቅምሻ የተባለው ቁርስ

ጋሽ ምድጃ በስፖርት ሜዳው ዳር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ዘጭ ብለው የተቀመጡት ደክሟቸው እንዳይመስላችሁ። እሳቸው ደከመኝ የሚል ቃል ካፋቸው ወጥቶ የማያውቅ ሰው ናቸው። ቢጠየቁ፣ የተቀመጡት የጫማቸውን ማሰሪያ ሊያጠብቁ ነው። ችግሩ ማሰሪያው ከሆዳቸው ማዶ መሆኑ ነው። ጎንበስ ሲሉ ዐይናቸው ጭልም አለ፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ላባቸውም በጆሮ ግንዳቸው ኮለል ብሎ ወረደ።

«ጋሽ ምድጃ» የሚለውን ስም ያወጣላቸው የሰፈሩ ሰው ነው። ዳቦ ጋጋሪ ናቸው። የዳቦ ቤታቸው ምድጃ ያለው ምድር ቤት ሲሆን፣ ወደ እሱ የሚወረደው ጠባብና ቀጥ ባለ የድንጋይ ደረጃ ነው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ በዚያ ምድጃ ሊጥ የሚያስገባና ዳቦ የሚያወጣ ከእሳቸው በቀር አልነበረም። ሰው ስሙን ያወጣው ለቀልድ ነበር፤ እሳቸው ግን እንደ ማዕረግ ተቀበሉት።

«አጎቴ! እርስዎ ነዎት እንዴ?»

ቀና ቢሉ የሟች ወንድማቸው ልጅ ናት። ጉልበቱን ወይም ወገቡን የሚያመውን ሰው አካሉን እያንቀሳቀሰች የምታክም የጤና ባለሙያ ናት። ትምህርቷን በማዕረግ የጨረሰች ዕለት አጎቷ ለመንገደኛው ሁሉ ዳቦ በነፃ ሲያድሉ ውለዋል። አሁን ወደ ሥራዋ ለመሄድ ሜዳውን እያቋረጠች ነበር።

«እኔ ነኝ። ሌላ ማን ይህን ያህል ቦታ ይይዛል?» አሉ ጋሽ ምድጃ ወንበሩን መታ መታ እያደረጉ። «ነይ ተቀመጪ፤ የተረፈሽ ካለ።»

ልጅቱ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ዐይኗ እጃቸው ላይ አረፈ። «እጅዎ ይንቀጠቀጣል። ምን ቀምሰው ወጡ?»

«ምንም! ስፖርት የሚሠራ ሰው በልቶ ይወጣል እንዴ? ከትናንት ምሽት ጀምሮ እህል ባፌ አልዞረም» አሉ ደረታቸውን ነፋ አድርገው።

«ውሃስ ጠጥተዋል?»

«በላብ ላይ ውሃ? ደረቴን ሊመታኝ?»

ልጅቱ ከቦርሳዋ የውሃ ኮዳ አውጥታ ክዳኑን ከፍታ ሰጠቻቸው። «ይጠጡ። ደረትዎን ከመታው ኃላፊነቱ የኔ ነው።» ጋሽ ምድጃ የሰው ዐይን እንዳለ ግራ ቀኝ አዩና ጠጡ። እጃቸው ረጋ ሲል ለወሬ ተመቻቹ፤ ኩሩ ሰው ችግሩን የሚናገረው እንዲህ ትንሽ ሲሻለው ነው።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ባንቺ ይቅር» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ባለፈው ትሪ ሙሉ ዳቦ ይዤ ደረጃውን ስወጣ ጉልበቴ ከዳኝ። ሊጥ አቡኪው ከኋላ በትከሻው ባይደግፈኝ ኖሮ ዛሬ አታገኚኝም። ሐኪሙ ‹ጉልበትዎ የተሸከመው በዝቶበታል፤ ክብደት ካልቀነሱ ያን ደረጃ ይርሱት› አለኝ። ይርሱት! ላይ ቤት ቁጭ ብዬ ዳቦ እየቆጠርኩ ልሽጥ? ሌላ ሰው ምድጃዬ ፊት ቆሞ?» ድምፃቸው ተሰበረ። ላባቸውን ጠርገው ቀጠሉ። «ይኸው ከዚያ ወዲህ ሊጡ ተድቦልቡሎ ኩፍ እስኪል ድረስ በየማለዳው ሜዳውን እዞራለሁ። አንድ ቀን አልሰነፍኩም። ትናንት ሚዛን ላይ ብወጣ ጨምሬያለሁ! ብራመድ ብራመድ ጭራሽ ወፈርኩ! ይሄ ስፖርት የሚሉት ነገር ለቀጭን ሰው የተሠራ ነው።»

ልጅቱ ሳቋ መጣ፤ ግን ዋጠችው። አጎቷ ቀልድ ቢያበዙም ዐይናቸው እንዳልሳቀ አይታለች። «ሥራ ለመግባት ገና ጊዜ አለኝ። እስከ ዳቦ ቤቱ ልሸኝዎት» አለች።

ዳቦ ቤቱ ሲደርሱ ጋሽ ምድጃ ደረጃውን የወረዱት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ እጃቸውን ድንጋዩ ላይ ተክለው፣ አንድ እግር ካንድ እግር እያገናኙ ነው። ሊጥ አቡኪው፣ ክንዱ እስከ ብብቱ ዱቄት የለበሰ ዝምተኛ ሰው፣ እንዳላየ ሆኖ ጀርባውን ሰጣቸው። ምድጃው ፊት ሲደርሱ ግን ጋሽ ምድጃ ሌላ ሰው ሆኑ። ሊጡን በጣታቸው ጫን አድርገው ለቀቁት፣ ረጅሙን የእንጨት አካፋ አነሱና ድቡልቡሉን ሊጥ አንድ በአንድ ወደ ውስጥ አሰለፉት። ጊዜው ሲደርስ ሰዓት ሳያዩ የምድጃውን በር ከፈቱ። አንዱን ዳቦ አውጥተው ገለበጡት፣ ጀርባውን በጣታቸው አንኳኩ፣ ጆሯቸውን አስጠጉ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። የወንድማቸው ልጅ ያን ጊዜ ኩራት ተሰማት፤ እንዲህ ያለ አጎት ያለው ስንት ሰው አለ?

ኩራቷ ብዙ አልቆየም። ያን ዳቦ እዚያው እንደቆሙ ለሁለት ገመሱት፣ ቅቤ አቀለጡበት፣ ማር አፈሰሱበት፣ ዐይናቸውን ጨፍነው በሉት። ሁለተኛው ሲወጣም እንዲሁ። ሦስተኛው ሲወጣ ልጅቱ መታገሥ አቃታት።

«አጎቴ፣ ይሄ ቁርስዎ ነው?»

«የምን ቁርስ? ቁርስማ ቤቴ ገብቼ ነው፤ ባለቤቴ እየጠበቀችኝ ነው። ይሄ ቅምሻ ነው! የሙያ ነገር ነው። ከምድጃ የወጣ ዳቦ ሳይቀምስ የሚሸጥ ጋጋሪ፣ ጋጋሪ አይባልም።»

«በየቀኑ ይህን ያህል ይቀምሳሉ?»

«ድሮማ አንድ ቁራሽ ነበር» ብሎ ሊጥ አቡኪው ከወዲያ ጣልቃ ገባ። «ሜዳ መዞር ከጀመሩ ወዲህ ነው የበረታው።»

«አንተ ሊጥህን አቡካ!» አሉ ጋሽ ምድጃ። ሰውየው ሊጡን አቦካ፤ ነገሩ ግን አንዴ ከአፉ ወጥቷል።

ልጅቱ የዱቄት ከረጢት ላይ ተቀመጠች። «ድፍረት አይሁንብኝ፤ አንድ ሙያዊ ጥያቄ ልጠይቅዎ። ዳቦው መብሰሉን ያወቁት ከመብላትዎ በፊት ነው ወይስ ከበሉ በኋላ?»

ጋሽ ምድጃ እንደተሰደበ ሰው ቀላ አሉ። «እኔ? እኔ ዳቦ ለማወቅ ጥርስ ያስፈልገኛል? ጀርባውን ሳንኳኳው ይነግረኛል! ያልበሰለ እንደሆነ ድምፁ ይታፈናል። ጨው ከጎደለው ቅርፊቱ ቀለም አያነሳም፣ እርሾው ካለፈበት ሽታው ይጠራኛል። ገና አካፋው ላይ ሳለ አውቀዋለሁ!»

«አልጠራጠርም። እንግዲያው ከዚያ በኋላ የሚበላው ማነው? ጋጋሪው ነው ወይስ የራበው ሰውዬ?»

ሊጥ አቡኪው እንኳን እጁን ሊጡ ውስጥ እንደከተተ ቆመ። ሰው በገዛ ሙያው ሲያዝ መውጫ የለውም፤ ጋሽ ምድጃም በእጃቸው የቀረውን ቁራሽ እንደ ባዕድ ነገር አዩት። ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ርሃቡስ ውሸት ነው ልትዪኝ ነው?» አሉ፤ ቅር እንዳላቸው ያስታውቃል። «ከሜዳ ስመለስ ሆዴ ከጀርባዬ ተጣብቆ ነው። ላቡን ያፈሰሰ ሰው መብላት አለበት፤ እኔ ያደግሁት በዚህ ነው። ወይስ ተርቤ ልሙት?»

«የለም አጎቴ፤ ርሃቡ እውነት ነው፣ የሚያሳፍርም አይደለም። ሰውነት ከሠራ በኋላ ምግብ መጠየቁ የጤና ነው። ጥፋቱ መራብዎ ላይ አይደለም፤ አጉል እስኪርብዎ መጠበቅዎ ላይ ነው። ከምሽት ጀምሮ ምንም ሳይበሉ፣ ውሃ ሳይጠጡ ሜዳ ይዞራሉ። ከዚያ ደግሞ ትኩስ ዳቦ በሚወጣበት ሰዓት በዓለም ላይ ካለው ቦታ ሁሉ መርጠው እዚህ ይቆማሉ። እንኳን እርስዎ እኔም አልችለውም።»

ጋሽ ምድጃ ጢማቸውን እየደባበሱ አሰቡ። «እንደ ምድጃው ማለት ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሌሊቱን እሳቱ ጠፍቶ ካደረ፣ ጠዋት እንጨት ብታጭቂበት ዳቦው ከውጭ ያራል፣ ከውስጥ ሊጥ ነው። እሳት ትንሽ ትንሽ እየተባለ ነው የሚያዘው።»

«ከኔ ይልቅ እርስዎ አስረዱት። ከመውጣትዎ በፊት ትንሽ ይቅመሱ፤ አንድ ፍሬ ሙዝ ወይም አንድ ብርጭቆ ወተት ይበቃል። እየተጓዙ ውሃ ይጠጡ፤ አንዳንዴ ርሃብ የመሰለን ጥማት ሆኖ ይገኛል። ሲመለሱ ደግሞ ቀጥታ ወደ ምድጃው አይምጡ። ቁጭ ብለው፣ በሳህን፣ ቀስ ብለው ይብሉ። እንቁላል፣ ምስር፣ እርጎ የመሳሰለው ከአትክልት ጋር ሲሆን ሆድን ይዞ ያቆያል። ማርና ቅቤ የተቀባ ትኩስ ዳቦ ግን ወዲያው ያጠግብና ወዲያው ያስርባል።»

«ያን ሁሉ ተራምጄ እንኳ አይገባኝም?»

ልጅቱ ለማለዘብ አልፈለገችም። «እውነቱን ልንገርዎ? የጠዋቱ ጉዞዎ ያቃጠለውን የመጀመሪያው ዳቦ ብቻውን መልሶታል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሆድዎ ላይ ተቀምጠዋል፣ ጉልበትዎ ነው የሚሸከማቸው። መራመዱ ለልብዎና ለጡንቻዎ ይጠቅማል፤ አይተዉት። ግን እንደ ደመወዝ አይቁጠሩት።»

«እንግዲያው ዳቦ አቁም በይኛ! በይኝ! ዳቦ የማይበላ ዳቦ ጋጋሪ!»

«ማን ያቁሙ አለዎት? አንድ ቁራሽ፣ ከሳህንዎ ላይ፣ ተቀምጠው። እኔ የምለው ቆመው አይብሉ፣ የበሉትንም በስሙ ይጥሩት ነው። ዛሬ እንዳየሁት እጅዎ ከተንቀጠቀጠ ወይም ዐይንዎ ከጨለመብዎት ደግሞ ጉዞውን ያቁሙና ለሐኪሙ ይንገሩት፤ ይሄ ኩራት የሚገባበት ነገር አይደለም።»

ጋሽ ምድጃ በዕለቱ «እሺ» አላሉም። «እናያለን» አሉ፤ ይህም እሺ ሊሉ ሲሉ ኩራታቸው ሲይዛቸው የሚናገሩት ቃል ነው።

በማግስቱ ደግሞ የባሰ ስህተት ሠሩ። ማስመስከር ስለፈለጉ ቅምሻውንም፣ ቁርሱንም፣ ምሳውንም ባንድ ላይ ተዉት። ሲመሽ ጋሽ ምድጃ ድስቱን ታቅፈው በእጃቸው ሲጎርሱ ባለቤታቸው ደረሱባቸው፤ ማንኪያ እንኳ አላነሱም ነበር። የወንድማቸው ልጅ ይህን ስትሰማ መጥታ ልክ ልካቸውን ነገረቻቸው፤ «እንዲቀንሱ ነው እንጂ ራስዎን እንዲቀጡ አላልኩም! ቁርስ የዘለለ ሰው ማታ ያበደረውን ይቀበላል።» በሰፈሩ ጋሽ ምድጃን ተቆጥቶ ቤቱ በሰላም የገባ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ሳትሆን አትቀርም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ መስመር ያዘ። ምድር ቤቱ ጥግ ላይ ትንሽ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ገባ። ጋሽ ምድጃ ከሜዳ ሲመለሱ እጃቸውን ታጥበው ባለቤታቸው የቋጠሩላቸውን ቁርስ ተቀምጠው ይበላሉ፤ ወደ ምድጃው የሚሄዱት ከዚያ በኋላ ነው። ዳቦው ሲወጣ ያንኳኩታል፣ ያዳምጡታል፣ መደርደሪያው ላይ ያኖሩታል። መጀመሪያ ሰሞን እጃቸው ወደ ማሩ ማሰሮ በገዛ ፈቃዱ ይሄድ ነበር፤ ሊጥ አቡኪው ማሰሮውን አንስቶ ላይ ቤት ወሰደውና ነገሩ በዚያ አበቃ። ለማር ብሎ ያን ደረጃ መውጣት ሲታሰብ ማሩም ይረሳል።

አንድ ሳምንት ሚዛኑ ወረደ፣ አንድ ሳምንት ቀጥ ብሎ ቆመ፣ አንድ ሳምንት ጭራሽ ጨመረና ጋሽ ምድጃ ሚዛኑን ሰደቡት። ልጅቱ «ጉልበትዎን ይጠይቁት እንጂ ሚዛኑን አይጣሉት» አለቻቸው። ጉልበቱን ቢጠይቁት መልሱ ደህና ነበር። ክረምቱ ሲገባ ቀበቷቸው አዲስ ቀዳዳ ተበጀለት፣ ሌሊት ያሰቃያቸው የነበረው ማንኮራፋት ረገብ አለ፣ ባለቤታቸውም እንቅልፍ አገኙ። ሐኪሙም ጉልበታቸውን ግራ ቀኝ አጣጥፎ አይቶ፣ «ይህን ያደረጉትን ይቀጥሉበት፤ ደረጃውን አልከለክልዎትም» አለ። ጋሽ ምድጃ ይህን ቃል ለሰፈሩ ሁሉ ሲደግሙ ሰነበቱ፤ እስኪሰለች ድረስ። ሊጥ አቡኪውም ማንም ሳይነግረው በማለዳ ሙዝ ገምጦ አብሯቸው ሜዳ መዞር ጀመረ።

አንድ ማለዳ የወንድማቸው ልጅ ብቅ አለች። ጋሽ ምድጃ ደረጃው አናት ላይ ጠበቋት። ግድግዳውን ሳይነኩ፣ ፊታቸውን ወደፊት አድርገው፣ አንዱን እግር ካንዱ እያስቀደሙ ወረዱ። ታች ደርሰው ዞር አሉ፤ ዐይናቸው «አየሽ?» ይላል። እሷም አይታለች፤ እንባዋ እስኪመጣ ነበር ያየችው።

የመጀመሪያው ዳቦ ወጣ። ጋሽ ምድጃ ግን አላንኳኩትም። በፎጣ ይዘው ለሷ ዘረጉላት። «ዛሬ አንቺ ቅመሺልኝ» አሉ።

ልጅቱ ዳቦውን ተቀብላ ልትገምሰው አልሞከረችም። ገለበጠችው፣ ጀርባውን በጣቷ አንኳኳች፣ ጆሮዋን አስጠጋች።

«ምን አለሽ?»

«ደርሻለሁ ይላል።»

«ሰማህ?» አሉ ጋሽ ምድጃ ወደ ሊጥ አቡኪው ዞረው፣ ድምፃቸው ምድር ቤቱን እስኪሞላው። «የወንድሜ ልጅ ናት! የኔ ልጅ ናት! ዳቦም ታውቃለች፣ ሰውም ታውቃለች!»

ከዚያም ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ፣ ሳህናቸውን አቀረቡ፣ የድርሻቸውን ቁራሽም ቀስ ብለው በሉ።