የጋሽ ዘርጋው «ግሩም»

ድሬዳዋ፣ ከዚራ፤ ቅዳሜ ለሚታየው የድሮ የፈረንጅ ኦፔሬታ የሰፈሩ የሙዚቃ ተውኔት ማኅበር የሐሙስ ከሰዓት ልምምዱን ጨርሶ ሰዉ ተበትኗል፤ ልዕልቲቱን የምትጫወተው ትርንጎ ግን የመድረክ ቀሚሷን ታቅፋ፣ አዘጋጅም ፒያኖ ተጫዋችም የሆነውን ሽማግሌ ዘርጋውን ከወንበሩ አላስነሳ ብላዋለች።

ትርንጎ፦ አልሄድም አልኩህ! መጀመሪያ ይህን ቀሚስ ማን እንዳስጠበበው ንገረኝ።

ዘርጋው፦ ቀሚስ ቢጠብሽ እኔ ምን አገባኝ? ልብስ ሰፊ ነኝ?

ትርንጎ፦ እየው፣ ወገቡ ላይ በአዲስ ክር ተይዟል። የኔ ወገብ፣ ምን ልደብቅህ ጋሽ ዘርጋው፣ ከወለድኩ ወዲህ ሲሰፋ እንጂ ሲጠብ አይቼው አላውቅም። ይህ ወገብ የማን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ።

ዘርጋው፦ የማን ነው?

ትርንጎ፦ የሀያት ነዋ! «ትርንጎ ብትታመም» ተብላ የኔን ቃል የምታጠናዋ ሀያት። እኔ ደግሞ አልታመምኩም። ታምሜያለሁ?

ዘርጋው፦ ሀያት ልኳን አስደረገች? ማን ፈቀደላት?

ትርንጎ፦ ይኸው! ምንም እንደማያውቅ ሰው ዓይኑን ያፈጣል።

ዘርጋው፦ አፈር ስሆን፣ አላውቅም። ሂጂና ልጅቷን ጠይቂያት።

ትርንጎ፦ እሷን ምን እጠይቃታለሁ? አንተ ነህ የፈቀድክላት። ማክሰኞ ዕለት ምን አልከኝ?

ዘርጋው፦ ምን አልኩሽ?

ትርንጎ፦ «ግሩም» አልከኝ።

ዘርጋው፦ እና ሰደብኩሽ?

ትርንጎ፦ ባንተ አፍ ሲሆን ከስድብም ይብሳል! እዚህ አዳራሽ ሰው ሲዘፍን «እንደገና!» ትላለህ። ሲያሻሽልም «እንደገና!» ነው። በጣም ደስ ያለህ ቀን ዝም ትላለህ፤ እኛም በዝምታህ ደስ ብሎን እየዘለልን ቤታችን እንገባለን። «ግሩም» ያልከው ሰው ግን አንድም ቀን ተርፎ አያውቅም።

ዘርጋው፦ ነገር አትሸርቢ።

ትርንጎ፦ ሙክታርን አላልከውም? ደወል ሠሪውን የሚጫወት የነበረውን? «ግሩም ነው፣ ሙክታር» አልከው፤ በሳምንቱ በር ላይ ትኬት ሲቀድ አገኘነው።

ዘርጋው፦ የሙክታር ድምፅ አልቆ ነበር። በሰው ፊት ላዋርደው ነው?

ትርንጎ፦ ፀዳለንም «ግሩም» አልካት፤ ይኸው እስከ ዛሬ የአልባሳት ክፍል ቁልፍ ይዛ ትዞራለች። ያንተ «ግሩም» እኛ ዘንድ ስንብት ነው፤ ይህን የማያውቅ አባል የለም። ማክሰኞ ቃሉ ካፍህ ሲወጣ አጃቢዎቹ ሁሉ መሬት መሬት አዩ። ትናንት ደግሞ እነፀዳለ አዋጥተው ነጠላ ገዝተው አመጡልኝ። «መቼም አንረሳሽም» ይሉኛል፣ አቦ! በቁሜ ለቅሶ ደረሱኝ።

ዘርጋው፦ ነጠላ?

ትርንጎ፦ ጥለቱ የሚያምር ነጠላ። አትሳቅ!

ዘርጋው፦ ሳል ነው። እና ሰው ሲያረጅ አፉ አይለሰልስም? ደስ ብሎኝ ያልኩት ቢሆንስ?

ትርንጎ፦ ደስ ሊልህ አይችልም።

ዘርጋው፦ ለምን አልችልም?

ትርንጎ፦ ድምፄ ተሰብሮ ነበራ! ሦስተኛው ገቢር ላይ፣ ልዕልቲቱ ደወሉን ሰምታ «ና» ብላ የምትጣራባት ከፍተኛዋ ቦታ ላይ። እንደ ደረቅ እንጨት ነው የተሰነጠቀው። ውጭ የተቀመጠው ዘበኛ እንኳ አንገቱን አስግጎ አይቶኛል። አንተ ግን «ግሩም»።

ዘርጋው፦ ተሰበረ?

ትርንጎ፦ «ተሰበረ?» ብለህ ትጠይቀኛለህ?

ዘርጋው፦ ማለቴ… አዎ፣ ትንሽ ነካ አድርጎሽ ነበር። ሰምቼው አልፌው ነው።

ትርንጎ፦ አለፍከው? ከአጃቢዎቹ አንዷ ማስቲካ በጉንጯ ይዛ ስትዘፍን በድምፅዋ ለይተህ ልምምድ ያቋረጥክ ሰው? አንተ ምንም ነገር አታልፍም ጋሽ ዘርጋው። አንድ ነገር ደብቀኸኛል፤ ሆዴ ከጠረጠረ ቆየ።

ዘርጋው፦ ያንቺ ሆድ ሳይጠረጥር የዋለበት ቀን አለ?

ትርንጎ፦ ማራገቢያዬን ለምን ነጠቅከኝ? ልዕልት ያለ ማራገቢያ የት ታይታለች? አንገቴን ሰው አይቶ «ይቺማ አርጅታለች፣ ለወጣት ትልቀቅ» እንዲል አይደለም?

ዘርጋው፦ ፊትሽ እንዲታይ ነው።

ትርንጎ፦ ለማን?

ዘርጋው፦ ለተመልካቹ ነዋ።

ትርንጎ፦ ተመልካቹ የሚቀመጠው ወዲያ ነው። አንተ ያስቆምከኝ ወዲህ፣ ወደ ፒያኖው አዙረህ። ጎኔ ለሕዝቡ፣ ፊቴ ላንተ። ቬንትሌተሩንስ በዚህ ሙቀት ለምን አስጠፋኸው? በላብ ተጠምቄ እንድወድቅና «ታመመች» እንድትል?

ዘርጋው፦ ከእኔ ራስ ውረጂ! ልዕልቲቱ አንቺ ነሽ። ቅዳሜም የምትዘፍኚው አንቺ ነሽ። ይበቃል!

ትርንጎ፦ ማልልኝ።

ዘርጋው፦ በዚህ ፒያኖ።

ትርንጎ፦ ግማሽ ጥርሱ በረገፈ ፒያኖ መሐላ አልቀበልም። ይልቅ ያችን ቦታ ምታልኝ። ልዝፈንና ምን እንደምትል ልስማ።

ዘርጋው፦ ደክሞኛል፣ ትርንጎ። ነገ ይሁን።

ትርንጎ፦ ፈራህ?

ዘርጋው፦ እኔ? ወደዚህ ጠጋ በይ። ከ«ደወሉ ሲጣራ» ጀምሪ።

ትርንጎ፦ «ደወሉ ሲጣራ ከማማው ላይ ሆኖ፣ ልቤ ከደረቴ ወጣ በኖ በኖ፣ ና… ና… … …»

ዘርጋው፦ እሰይ! ይኸውልሽ፣ ወጣች! የመጨረሻዋ «ና» ጥርት ብላ ነው የወጣችው። ግሩ… ማለቴ፣ ጥሩ ነው። ምነው እንዲህ ታዪኛለሽ?

ትርንጎ፦ ጋሽ ዘርጋው።

ዘርጋው፦ አቤት።

ትርንጎ፦ የመጨረሻዋን «ና» አልዘፈንኳትም።

ዘርጋው፦ እንዴት አልዘፈንሻትም?

ትርንጎ፦ አፌን ከፈትኩ እንጂ ድምፅ አላወጣሁም። ልፈትንህ ብዬ ነው።

ዘርጋው፦ አይ አንቺ! እኔ እኮ… ሳስበው…

ትርንጎ፦ አትሰማም።

ዘርጋው፦ እሰማለሁ! አሁን የምትይውን አልሰማሁም?

ትርንጎ፦ አፍ አፌን እያየህ ነዋ! ለዚህ ነው ወዳንተ ያዞርከኝ። ለዚህ ነው ማራገቢያዬን የወሰድከው፤ ቬንትሌተሩንም ጫጫታው እንዳይሸፍንህ ያስጠፋኸው። ወይኔ ትርንጎ! እኔ የአንገቴን ሽብሽብ እያሰብኩ ሳለቅስ አደርኩ እኮ።

ዘርጋው፦ ድምፅሽን ቀንሺ፣ ሰው ይሰማል።

ትርንጎ፦ ብቀንሰውማ አንተ አትሰማኝም።

ዘርጋው፦ ሁሉም አልጠፋም። የወንዶቹ ድምፅ አለ፤ ፒያኖው እስከ መሐሉ ድረስ አለ። ከፍ ያለው ነው ጥሎኝ የሄደው። መጀመሪያ ወፎቹ ጠፉ። ግቢዬ ያለው የኒም ዛፍ ላይ ሲንጫጩ የሚያድሩት ወፎች ዝም አሉ፤ ሙቀቱ አባሯቸው ነው ብዬ ተውኩት። አንድ ቀን ቀና ስል ዛፉ ጢም ብሏል፤ ምንቃራቸው ይከፈታል ይዘጋል።

ትርንጎ፦ እኔስ? እኔን መቼ ነው ያጣኸኝ?

ዘርጋው፦ ከፋሲካ ወዲህ። ሐኪሙ የዕድሜ ነው አለኝ። ስትዘፍኚ አይሻለሁ፤ የቀረውን ከድሮው ድምፅሽ እየወሰድኩ እሞላዋለሁ። በኔ ጭንቅላት ውስጥ አንድም ቀን ተሰብረሽ አታውቂም።

ትርንጎ፦ ለዚህ ነዋ «ግሩም» ያልከኝ።

ዘርጋው፦ ማክሰኞ ስትጨርሺ ሁሉም ዞሮ አየኝ። አንድ ነገር ማለት እንዳለብኝ ገባኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። ግራ ሲገባኝ የሚሰማኝን አልኩት። ከልቤ ነበር።

ትርንጎ፦ አንተ ከልብህ ተናግረህ እኔን ነጠላ አስለበስከኝ። ሀያትም ቃልህን ሰምታ ሮጣ ቀሚሴን አስጠበበች።

ዘርጋው፦ ይቅርታ አድርጊልኝ። ግን በሞቴ፣ ኮሚቴው እንዳይሰማ። ሊቀመንበሩ በፍላሽ የተቀዳ ሙዚቃ ይዞ ሊመጣ አሰፍስፏል። «ፒያኖው ጡረታ ይውጣ» ብሎኛል በግልጽ። ፒያኖው ሲል ማንን ማለቱ እንደሆነ አይጠፋሽም።

ትርንጎ፦ ቆይ ቆይ። ይህን ሁሉ አሁን ፈጥረኸው ቢሆንስ?

ዘርጋው፦ ምኑን?

ትርንጎ፦ አለመስማቱን! አንጀቴን በልተህ፣ አልቅሼ ቀሚሱን ጥዬልህ እንድሄድ።

ዘርጋው፦ ያልዘፈንሽውን ያደነቀ ሽማግሌ ይህን ያህል ተንኮል ከየት ያመጣል?

ትርንጎ፦ እሱስ… ተንኮለኛ ብትሆን ኖሮ እንዲህ አትዋረድም ነበር።

ዘርጋው፦ እንግዲያው እንስማማ። አንቺ ስለ ጆሮዬ ዝም በይ። እኔም እዚህ ወንበር ላይ እስካለሁ ያንቺን ቦታ ማንም አይነካትም።

ትርንጎ፦ ያ ነው ስምምነቱ?

ዘርጋው፦ ምን አነሰው? ለዚህ አልነበር የመጣሽው?

ትርንጎ፦ የሚያርመኝ ሰው ሳይኖር ሕዝብ ፊት ልቁም? እኔ እስከ ዛሬ ሕዝቡን ፈርቼ አላውቅም። አንተን ስፈራ ለእነሱ የሚሆን ፍርሃት አይተርፈኝም ነበር። አሁን ድምፅሽ ተሰበረ የሚለኝ ማን ነው? ባሌ? እሱ ሳስነጥስም ያጨበጭባል።

ዘርጋው፦ ታዲያ ምን ይሻላል?

ትርንጎ፦ ሀያት ካንተ ጎን ትቀመጥ። ኖታውን እየገለጠችልህ፣ ስሰበር ጉልበትህን ነካ ታድርግህ። የዚያች ልጅ ጆሮ ስለት ነው።

ዘርጋው፦ ታውቅብኛለች እኮ!

ትርንጎ፦ ትወቅብህ። ቀሚሴን በቁሜ ያስጠበበች ልጅ ይህቺን ምስጢር ብትይዝልን ምን አላት?

ዘርጋው፦ ታምኛታለሽ?

ትርንጎ፦ አላምናትም። ለዚህ እኮ ነው ከመድረክ ሆኜ የማያት ቦታ የማስቀምጣት።

ዘርጋው፦ እሺ፣ ይሁን። ግን ትርንጎ፣ እኔም አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የማክሰኞው ቅዳሜ ቢደገምስ?

ትርንጎ፦ እኔም እሱን ነው የፈራሁት። ልንገርህ አይደል? ካንተ «ግሩም» ይልቅ ያስለቀሰችኝ ያቺ «ና» ናት። ቤቴ ብቻዬን ሞክሬያት አልወጣችልኝም።

ዘርጋው፦ አንድ ድምፅ ዝቅ አድርጌ ልምታልሽ?

ትርንጎ፦ ሙክታርን ዝቅ አድርገህለት ነበር? አልፈልግም። አሁን የእውነት ልዝፈናት። ካልወጣችልኝ ቀሚሱን ለሀያት በገዛ እጄ አለብሳታለሁ፤ እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ ከሙክታር ጋር በር ላይ እቆማለሁ።

ዘርጋው፦ ማን ሊፈርድ?

ትርንጎ፦ አንተ። እንዴት እንደምትፈርድ አንተ ታውቃለህ። ፍርድህን እቀበላለሁ።

ዘርጋው፦ ጀምሪ።

ትርንጎ፦ «ደወሉ ሲጣራ ከማማው ላይ ሆኖ፣ ልቤ ከደረቴ ወጣ በኖ በኖ፣ ና… ና… ናአአአ…»

ዘርጋው፦ ተሰበረች።

ትርንጎ፦ ማን ነገረህ? ሰማህ! አንተ ውሸታም፣ ትሰማለህ!

ዘርጋው፦ አልሰማሁም። ገና ሁለተኛዋ «ና» ላይ ቀኝ ትከሻሽ ወደ ጆሮሽ መውጣት ጀመረ፤ ቅንድብሽም ተሰበሰበ። ጀማሪ ሆነሽ እዚህ አዳራሽ የገባሽ ጊዜ እንዲህ ነበርሽ፤ ፈርተሽ ትከሻሽ ሲወጣ ጉሮሮሽ ይታነቅ ነበር። ይኸው ልማድሽ ተመልሶ መጣ። እኔ ጆሮዬን አምኜ ትከሻሽን ማየት ከተውኩ ዘመን አለፈ፤ ሰሞኑንም የማየው አፍሽን ብቻ ነበር።

ትርንጎ፦ ብቻ ተሰበረች። ቃል ቃል ነው። ቀሚሱን ለልጅቷ አደርስላታለሁ። ያችን ቃል በለኝና ልሂድ።

ዘርጋው፦ ፊትሽን በምን ሸፈንሽው? ያን ማራገቢያ ደግሞ ከየት አመጣሽው?

ትርንጎ፦ ከፒያኖህ ኋላ፣ ከደበቅክበት። ተወኝ፣ ስታለቅስ አየኋት እንዳትል ነው። በል «ግሩም» በለኝና ልሂድ፣ ጋሽ ዘርጋው።

ዘርጋው፦ ከማራገቢያ ኋላ ሆነሽ የምትይውን አላውቀውም፤ ካላየሁሽ አልሰማሽም። አውርጂው። ቀሚሱን እዚያ ወንበር ላይ አስቀምጪ። ትከሻሽን ጣል አድርጊ፤ ጣል! ከ«ደወሉ ሲጣራ» ጀምረሽ… እንደገና!