በር የማይንኳኳበት መንደር

እንዲህ ያለውን ነገር መጻፍ ያለበት ሌላ ሰው ነበር። ግን የሚጽፈው ጠፋ፤ እኔም ዝም ማለት አልሆነልኝም። አይቪ ስኪነር እባላለሁ። ሁለት ዓመት የመምህራን ኮሌጅ ተቀምጫለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አንድ ዓመት የኩፐርስ ኮቭን ፖስታ ቤት ይዣለሁ። አፌን መያዝ እንደማልችል የማያውቅ ሰው በዚህ ዳርቻ የለም።

ነገሩ የተጀመረው በረዶው ሊለቅ አካባቢ፣ መርከቧ በመጣችበት ቀን ነው። እኛ ዘንድ የመኪና መንገድ የለም። ስለዚህ መርከቧ ስትመጣ ሥራ ያለውም የሌለውም ወደብ ይወርዳል። እኔ የፖስታውን ከረጢት ልቀበል ወርጄ ነበር። መምህራችን ዴክላን ደግሞ ቁመቱን የሚያክል ሣጥን ተቀብሎ ዙሪያውን እየዞረ ያያል። ከዋና ከተማው የመጣ ሃያ ስድስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው፤ እዚህ ከመጣ ስምንት ወሩ።

አጎት ሊያንደር ደርንፎርድ በአጋጣሚ በዚያ ሲያልፉ ምንም ሳይጠይቁ የሣጥኑን አንድ ጫፍ አነሱ። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሁሉ፣ ቢዛመድም ባይዛመድም፣ አጎትና አክስት ነው። ከመርከብ የወረደ ዕቃም የማንም ይሁን የማን፣ አጠገቡ የተገኘ ሰው ያነሳዋል። አጎት ሊያንደር ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን ዓሣ አጥማጅ ነበሩ፣ አሁን የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው።

“ምን የያዘ ነው? የሬሳ ሣጥን መሰለ እኮ!” አሉ ዳገቱን እንደጀመርን።

“ስክሪን ነው አጎት። ካሜራና ማይክሮፎንም አለው” አለ ዴክላን እያለከለከ። “ለማኬንዚ ነው።”

ማኬንዚ የወንድ ልጃቸው ልጅ ናት፣ አሥራ አምስት ዓመቷ፤ ከአያቷ ጋር ነው የምትኖረው። አጎት ሊያንደር ስሟን ሲሰሙ እርምጃቸው ቀነሰ።

“ፊዚክስ መማር ትፈልጋለች” አለ መምህሩ። “እኔ የማውቀው ታሪክና ሥነ ጽሑፍ ነው። ከተማ ያለች አንዲት አስተማሪ በዚህ ስክሪን አምስት ትንንሽ ትምህርት ቤቶችን በአንድ ላይ ልታስተምር ተስማምታለች። እርስዎ ካልፈረሙ ግን አይጀመርም። ካልተጀመረ ደግሞ ልጅቷ በመስከረም ከተማ ሄዳ፣ ሰው ቤት ተቀምጣ ነው የምትማረው።”

“አስተማሪዋ ልጆቹ ሲያዛጉ በምን ታውቃለች?”

“ታያቸዋለች።”

“እግራቸው መርጠቡንስ?”

መምህሩ ጎንበስ ብሎ የራሱን ጫማ አየ።

“አየህ! የኔ አስተማሪ ካልሲዬን አስወልቃ ምድጃው ላይ ታሰጣልኝ ነበር። ይሄ ሣጥንህ ካልሲ ያሰጣል?”

“ካልሲውን እኔ አሰጣለሁ አጎት። ፊዚክሱን ነው የማላውቀው። ስክሪኑ ቢገባም እኔ ከክፍሉ አልወጣም እኮ። የጎደለኝን ይሞላልኛል እንጂ በኔ ቦታ አይቆምም።”

ጎበዝ ልጅ፣ አልኩ በሆዴ። እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ እንዴት ጥሩ ነበር! ወጣት ግን የት እንደሚያቆም አያውቅም።

“ደግሞም” ብሎ ቀጠለ፣ “የራቀ ሰው ያቀርባል።”

አጎት ሊያንደር ሣጥኑን መሬት አስቀመጡት።

“አያቀርብም። ያሳያል። ማሳየትና ማቅረብ ለየቅል ናቸው ልጄ።”

ዴክላን ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። እኔ ግን የማንን ነገር እንዳነሱ አውቄያለሁ። ሴት ልጃቸው ሮክሳን በአሥራ አምስት ዓመቷ ነበር ከዚሁ ወደብ ተነስታ ለትምህርት የሄደችው። ከዚያ ወደ ምዕራብ፣ አልበርታ የሚባል ሩቅ አገር ድረስ ሄደች፤ እዚያው ሥራ ይዛ ቀረች። ደብዳቤዋን በእጄ የማቀብላቸው እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ በየሳምንቱ ነበር፣ ከዚያ በየወሩ። አሁን በገና አንድ ካርድ ይመጣል፤ እሱንም ቆመው ያነቡትና ኪሳቸው ከትተው ይሄዳሉ።

“አምና ማኬንዚ በስልኳ አሳየችኝ” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ሮክሳኔ ፀጉሯ ሸብቷል። ‘አባ…’ ብላ ጀመረችና አፏን እንደከፈተች ምስሉ ደረቀ። ስልኩን በፊቱ ደፋሁት። ሳላያት ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ ለምጄው ነበር። ለራበው ሰው የዳቦ ፎቶ ይሰጡታል እንዴ?”

ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ ከቤት እንዳልወጡ ትዝ አለኝ። ጉንፋን ነው ብለውን ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ዝም ይል ነበር። እኔ ግን ከአፌ አመለጠኝ።

“ታዲያ ይሄንን እምቢ ብለው ሁለተኛዋን ሮክሳን በዚችው መርከብ ሊልኩ ነው?”

“አንቺ ሴትዮ፣ ደብዳቤሽን አድዪ!” አሉኝ። ሣጥኑን መልሰው አነሱና ትምህርት ቤቱ በር ላይ ዱብ አደረጉት። “እኔ እስከዚህ ነኝ። አልፈርምም።”

ተቃወሙት፤ ግን ዳገቱን ሁሉ ተሸክመውለት ወጡ። አጎት ሊያንደር እንዲህ ናቸው።

በሳምንቱ ማኬንዚ ራሷ አግባባቻቸው። የከተማዋ አስተማሪ ለሙከራ ስለ መዘውር ልታስተምር ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን በገመድና በመዘውር ጀልባ እንዴት ከባሕር እንደሚያወጣ ከአያቷ የተሻለ የሚያሳይ የለም። ዳገቱ በረዶ ስለሆነና ሣጥኑን ተሸክመው ከወጡ ወዲህ ጉልበታቸውን ስላመማቸው ከማድ ቤታቸው ሆነው ያሳያሉ። “ላንቺ ስል ነው፣ አንድ ቀን ብቻ!” አሉ። ማክሰኞ ጠዋት ልጅቷ የትምህርት ቤቱን ታብሌት ጠረጴዛው ላይ አቁማ፣ የክፍሉን ገጽ ከፍታላቸው ወደ ትምህርት ቤት ሮጠች።

አሁን ስለ በር አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ በር አይንኳኳም። ከፍተህ ትገባለህ፣ ትቀመጣለህ፣ ሻይ ይቀዳልሃል። የሚያንኳኳ ወይ ባዳ ነው፣ ወይ ፖሊስ ነው፣ ወይ ባሕር ስለወሰደው ሰው ሊያረዳ የመጣ ነው። ዴክላን በመጣ ሰሞን በሬን ቢያንኳኳ የያዝኩት ሳህን ከእጄ ወድቆ ተሰበረ። ብንነግረው ብንነግረው አልለቀቀውም፤ እናቱ ያሳደገችው እንደዚያ ነው።

ያን ማክሰኞ አርፍጄ የአጎት ሊያንደርን ፖስታ ይዤ ገባሁ። ክራቫት አስረው፣ ፂማቸውን ተላጭተው፣ መዘውሩንና ገመዱን ጭናቸው ላይ ይዘው ታብሌቱ ፊት ተቀምጠዋል።

“አለቀ ትምህርቱ?” አልኳቸው።

“መች ተጀመረ?”

“እንዴት?”

“አንድ ሰዓት ሙሉ እዚሁ ተቀምጫለሁ። ‘ግቡ’ ያለኝ የለም። አንብቢው እስቲ።”

ጎንበስ ብዬ አነበብኩ። ‘ለመግባት ፈቃድ ይጠይቁ’ ይላል፤ ከሥሩ የሚጫኑት ነገር አለ።

“ታዲያ አይጫኑትም ነበር?”

“አንኳኩ ነው የሚለኝ!” ብለው ጮኹ። “የዚያን ትምህርት ቤት ጣሪያ የመታሁት እኔ ነኝ። ልጆቹን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ዛሬ ‘እባካችሁ አስገቡኝ’ ልበል? አልፈለጉኝም አይቪ። በስክሪኑ ዓለም እኔ ባዳ ነኝ።”

ሳልቀመጥ ወጣሁ። በዚያ በረዶ ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ትምህርት ቤት ስደርስ ማኬንዚ ዓይኗ ቀልቷል። “አያቴ አልመጣም” አለችኝ። “አምስት ትምህርት ቤት ነው የጠበቀው። እንደማይፈልግ አውቄ ነበር።”

“አንኳኩ ተብለው ነው የተቀመጡት!” አልኩ መምህሩ ላይ አፍጥጬ። “በዚህ ዕድሜያቸው ደጅ አስጠናሃቸው!”

ዴክላን መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ፊቱ ደም መሰለ። “የማያውቁት ሰው እንዳይገባ ብዬ ያደረግኩት ነው። በሌላም በኩል ሰው እንዳለ አይታየኝም፣ ካልጠየቀ…” ብሎ ጀመረና ተወው። ኮቱን አንስቶ ወጣ። ማኬንዚም እኔም ተከተልነው።

ከአጎት ሊያንደር በር ሲደርስ እጁን ለማንኳኳት አነሳ። ስምንት ወር ያላቆመው እጅ ነው። ከዚያ አወረደውና እጀታውን አዙሮ ገባ። ማንም ሳይጋብዘው ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

አጎት ሊያንደር አፍጥጠው አዩት። “ኧረ ተመስገን!” አሉ። “ሰው ሆንክ?”

“አጎት፣ ጥፋቱ የኔ ነው። በሩን እንደ ከተማ በር ሠራሁት። ሐሙስ ዕለት ክፍት አደርገዋለሁ። ቁልፍ የሆነውን ሊንክ የሚያገኙት የኛ ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እኔም ማን ገባ ማን ወጣ እያየሁ እቀመጣለሁ። እርስዎ ማንንም ሳይጠይቁ ይገባሉ።”

“ብቻዬንስ ቢሆን ኖሮ? አይቪ ባትመጣ፣ አልተፈለግኩም ብዬ እንደቀረሁ ልቀር ነበር እኮ።”

“እኛም ‘ንቀውን ነው’ ብለን ልንቀር ነበር” አለ ዴክላን። “ማሽኑ ልማድ አያውቅም አጎት፤ የምናስተምረው እኛ ነን። እኔ ደግሞ ልማዳችሁን ለመማር ስምንት ወር ፈጀብኝ።”

“ደደብ ነህ ማለት ነው” አሉ፤ ሻይ ግን ቀዱለት።

አንባቢዬ ሆይ፣ ስለ አዲስ ነገር ስንከራከር ብዙ ጊዜ የምንጣላው ከዕቃው ጋር ይመስለናል። እውነቱን ለመናገር፣ እኚህ ሰው ከስክሪኑ ጋር ጠብ አልነበራቸውም። የከፋቸው ደጅ መቆማቸው ነው። ይሄን ያወቀ አስተማሪ ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

ሐሙስ እኔም ፖስታ ቤቱን ዘግቼ ማድ ቤታቸው ተቀመጥኩ። ታብሌቱን ነካ ሲያደርጉት የክፍሉ ልጆች ሁሉ ብቅ አሉ፤ ከሌሎቹ መንደሮችም አርባ የሚሆኑ። አጎት ሊያንደር ገመዱን በመዘውሩ ውስጥ አሳልፈው አንድ የከሰል ጆንያ በአንድ እጃቸው አነሱ። የከተማዋ አስተማሪ “ኃይሉ ለምን ቀነሰ?” ብላ ስትጠይቅ ማኬንዚ ከሁሉ ቀድማ መለሰች። ሽማግሌው “እሰይ የኔ ልጅ!” ብለው ገመዱን ለቀቁትና ጆንያው ዱብ አለ። አርባ ልጅ በአንዴ ሳቀ።

በዚህ መሐል አንድ አዲስ ፊት ተጨመረ። ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት፣ የሥራ ጃኬት የለበሰች ሴት። ሊንኩን የላከችላት ማኬንዚ ናት። ይቅርታም ሰላምታም አላስቀደመችም።

“አባዬ፣ ሻይ ተጥዷል?” አለች።

እኛ ዘንድ ሰው ገብቶ የሚለው ይሄንን ነው። ሠላሳ ዓመት በሰው አገር ኖራ፣ ሳታንኳኳ ገባች።

አጎት ሊያንደር መዘውሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። “በሩን ዝጊው፣ ብርድ አስገባሽብን” አሏት፤ ይሄም ለገባ ሰው የሚባል ነው። “ተጥዷል። ኮትሽን አውልቂ።”

ልትመልስ አፏን ስትከፍት ምስሉ ድርቅ አለ። ልክ እንደ አምናው። ማኬንዚ ከወዲያ በኩል አፏን ያዘች፤ እኔም ታብሌቱን ሊደፉት ነው ብዬ ተነሳሁ። እሳቸው ግን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ስክሪኑን ትኩር ብለው አዩ።

“ተዪው አይቪ። ትመለሳለች” አሉኝ።

ቆይቶ ተመለሰች። “አባዬ፣ አለህ?” አለች።

“የት እሄዳለሁ?” አሏት።

በዚያው ሳምንት ፈረሙ። ጥቅሙን ልዘርዝር ብል ቀኑ አይበቃኝም። ማኬንዚ ፊዚክሷን ከአሥራ ስድስት የማታውቃቸው ልጆች ጋር ትማራለች፤ ዛሬ ስማቸውንና አመላቸውን ሁሉ ታውቃለች። ዴክላን ከስክሪኑ አጠገብ ሆኖ የደከመውን ያግዛል፣ ካልሲ ያሰጣል። ዓርብ ዓርብ ደግሞ ከየመንደሩ አንድ አዛውንት ሳያንኳኳ ገብቶ የሚያውቀውን ያስተምራል። ልጆቻችን ትምህርት ፍለጋ ከእናት ከአባታቸው መነጠላቸው ቀረ። ይሄ ሁሉ የመጣው ግን በሩ እንደ መንደራችን በር ሲሆን ነው።

ሮክሳን እሑድ እሑድ ትገባለች። “ናፍቆቱ ቀለለዎት?” ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው።

“የባሰ ናፈቀችኝ እንጂ” አሉ። “አሁንም አልነካኋትም አይቪ፣ አሁንም ይርበኛል። ግን ቢያንስ ምን በላሽ ብዬ እጠይቃታለሁ።”

በመስከረም መጀመሪያ፣ ድሮ ልጆቻችንን ለትምህርት የምትወስደው መርከብ መጣች። እኔ ከረጢቴን ልቀበል ወረድኩ። ማኬንዚ ለዴክላን የመጣ ዕቃ ልታነሳ እዚያው ነበረች፤ አያቷም። መርከቧ ልትነሳ ጡሩንባዋን ስትነፋ አጎት ሊያንደር የልጅቷን ክንድ ጥብቅ አድርገው ያዙት።

“አያቴ፣ ምነው? አልሄድም እኮ” አለች እየሳቀች።

“አውቃለሁ” አሉ ዓይናቸውን ከመርከቧ ሳይነቅሉ። “ያኔ ያልያዝኳትን ነው የያዝኩት።”

ማኬንዚ መሳቋን ተወች። መርከቧ ከዓይን እስክትጠፋ ክንዷን ሳታስለቅቅ አጠገባቸው ቆመች።