የጋኔን ምስክርነት

ባላየሁት ነገር አልምልም፤ ይህን ግን ቆሜ አይቻለሁ። ጣሊያን ከመቀሌ በወጣ ሰሞን ነው። ቄስ የነበረው ታላቅ ወንድሜ ሰብኮ ሲጨርስ ሕመምተኞችን በጠበል ያጠምቅ ነበር። አንድ እሑድ የጨው ነጋዴው ሐጎስ ሚስቱን ይዞ መጣ፤ ትጮኻለች፣ ትንፈራገጣለች። በአገሩ ልማድ ካህኑ ጋኔኑን «ማን ላከህ?» ብሎ ያስለፈልፋል። በሕመምተኛዋ አፍ የተጠራው ሰው ቡዳ ተብሎ ከሰፈር ይባረራል። ጋኔኑ ገና ሳይጠየቅ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ወደቆመው አንጥረኛ፣ ወደ ገብሩ ዞሯል። ወንድሜ ውኃውን ረጭቶ «በክርስቶስ ስም ውጣ» አለና ማን እንደላከው ሳይጠይቅ የጠበሉን ማሰሮ አስቀመጠ።

«አባ፣ የላከውን አስለፍልፉት እንጂ» አለ ሐጎስ።

«አሁን ምን ብዬ ሰበክሁ? ጋኔን ሐሰተኛ ነው አላልኩም? ታዲያ እሱን ምስክር አቁሜ በሰው ላይ ልፍረድ?»

«ቄሱም ገብሩን ፈሩት» አለች አንዲት ሴት ከኋላ፤ ሰዉ ሳቀ።

ወንድሜ አልተቆጣም። «ገብሩ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ና ማሰሮውን ያዝልኝ» አለ። ሳቁ ቆመ። ገብሩ ቀርቦ ያዘለት፤ ሴትየዋም ከዚያው ማሰሮ ጠጥታ ጸጥ አለች።

ጋኔኑ ይውጣ አይውጣ ማረጋገጥ አልችልም። በሳምንቱ ግን ሐጎስ የጨው መጥረቢያውን ሊያስስል ገብሩ ደጅ ተቀምጦ አየሁት። የማን ወንድም እንደሆንኩ ከዚያ ወዲህ ሳይጠይቁኝ እናገራለሁ።