የጋሽ ፈቃደ አፍንጫ

አሰላሙ አለይኩም፤ ለሌሎቻችሁም ጤና ይስጥልኝ። አልኮል ቀምሶ የማያውቀውን ገንዘብ ተቀባይ፣ እኔን ሰይዶን፣ በባር ኃላፊ ሽኝት ላይ ተናገር ያለኝ ማን እንደሆነ አላህ ይወቀው። ረጋ ያለ ሰው ፈልጋችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ ከድንጋጤዬ አልወጣሁም።

ጋሽ ፈቃደ ወልቂጤ የገቡ ቀን ትዝ ይለኛል። ከረባታቸውን እንዳሰሩ ከአውቶቡስ ወርደው በቀጥታ ባራችን ገቡ፤ ውስኪ አዘዙ። ብርጭቆውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና ሳይቀምሱ መለሱት። "ይኼ ብርጭቆ ክትፎ በነካ ጨርቅ ነው የተወለወለው" አሉ። ሒሳብ ላለመክፈል ሰበብ የሚፈልጉ መስሎኝ ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ! ጨርቁ መጥቶ ሲሸተት ግን ቅቤ በቅቤ ነው። አቶ በኃይሉ የሆቴሉ ባለቤት ናቸውና እዚያው ቀጠሯቸው። እኔን ደግሞ "ከበሩ ላይ ዞር በል" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ማን እፎይ አለ? ከአገና ሚኒባስ ወርጄ ስገባ "አጠገብህ ቆጮ ተጭኖ ነበር?" ይሉኛል። ነበራ! ለመስቀል ወደ ቸሃ የሚገባ አንድ ነጋዴ ውድ ውስኪ አዝዞ ኮካ ሊቀላቅልበት ሲል፣ ኮካውን ከፊቱ አንስተው ሄዱ።

"በገንዘቤ ነው የምጠጣው!" አለ ሰውዬው።

"ገንዘቡ የአንተ ነው፤ ውስኪው ግን የሰው ልፋት ነው" አሉት። ሰውዬው ያለ ኮካ ጠጣ፤ በየመስቀሉም እሳቸውን እየጠየቀ ይመጣል።

እንግዲህ ወደ ቅዳሜው ልምጣ። አንድ አስመጪ ከአዲስ አበባ ጠርሙሶች ይዞ መጣ። እንደ ነገረን ውስኪውን የሚያሽገው ሰው የራሱ ፋብሪካ የለውም፤ ከየፋብሪካው በርሜል እየመረጠ ይገዛና በራሱ ስም ይሞላዋል። በርሜሎቹ ደግሞ ሼሪ የሚባል የስፔን ወይን የነበረባቸው ናቸው፤ ውስኪው ቀለሙንም ጣፋጭነቱንም የሚያገኘው ከዚያ ነው። ይኼን ሁሉ ሰምቼ ሳበቃ፣ እነ ጋሽ ፈቃደ ቀምሰው ቀምሰው ባልዲ ውስጥ ተፉት! ለመትፋት ነው እንዴ እንዲህ የተወደደው? የመጀመሪያው ድንጋጤዬ ይኼ ነበር።

የመጨረሻው ጠርሙስ ተቀዳ። ጋሽ ፈቃደ አሸተቱና "ዘቢብ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ ግሩም ነው" አሉ። አስመጪው ፈገግ አለ። ምክትላቸው ናዝሬት ግን ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

"ክብሪት ነው የሚሸተው" አለች። "በርሜሉ በድኝ ታጥኖ ነበር፤ ይኼ ተበላሽቷል።"

አስመጪው ቀላ። "ጋሽ ፈቃደ ግሩም ያሉትን ማን ናት የምታበላሸው? አቶ በኃይሉ፣ ባሩን ለእሷ ነው የምትሰጡት?"

አቶ በኃይሉም "ናዝሬት፣ ይቅርታ ጠይቂ" አሏት።

ነገሩን ታውቁታላችሁ። ባሩ ለናዝሬት ሊሰጥ ነበር። ጋሽ ፈቃደም ከጡረታ በኋላ መጠጥ መራጭ ሆነው፣ ደመወዝ እየበሉ ሊቆዩ ተስማምተው ነበር። ናዝሬት አንዴ ጋሽ ፈቃደን አየቻቸው።

ጋሽ ፈቃደ ተነሱ። "ልክ እሷ ናት" አሉ። "እኔ አይሸተኝም። ኮሮና ከያዘኝ ጀምሮ አንድም ነገር ሸቶኝ አያውቅም። ስነግራችሁ የኖርኩት እሷ አሽታ የነገረችኝን ነው። ዛሬ ጠርሙሱ እዚሁ ስለተከፈተ ሳትነግረኝ ቀደምኳት።"

አፌን ከፍቼ ቀረሁ! አስመጪው ብርጭቆውን አንስቶ ደግሞ አሸተተ፤ ከዚያ ጠርሙሱን ከድኖ ወደ ካርቶኑ መለሰ። አቶ በኃይሉ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። እኔም አላስችል ብሎኝ "ታዲያ ዓምና 'ሰይዶ፣ ሽቶ ቀየርክ' ያሉኝስ?" አልኳቸው።

"የሽቶውን ካርቶን ጠረጴዛህ ላይ አይቼው ነው" አሉ።

ናዝሬትንም በማግስቱ ያዝኳት። "ይኼን ሁሉ ጊዜ እንዴት አልነገርሽንም?"

"የእሳቸውን ጉዳይ እኔ ምን ቤት ነኝና ላወራው?" አለችኝ። እሷም አስደነገጠችኝ።

ጋሽ ፈቃደ፣ አሁን ቀልዱን ልተው። አፍንጫዎ የእንጀራዎ ገመድ ነበር፤ ሲበጠስ በመደበቅዎ ማንም አይፈርድብዎትም። ያን ቀን ዝም ቢሉ ማንም አያውቅም ነበር። ስምዎ እንደተከበረ ይቀር፣ የመራጭነቱንም ደመወዝ ይበሉ ነበር፤ ናዝሬት ግን ተዋርዳ ትወጣ ነበር። እርስዎ ስምዎንም ሥራዎንም በሰው ፊት ጣሉላት። ዛሬ የባሩ ቁልፍ እሷ ወገብ ላይ ነው፤ የመራጭነቱ ሥራም ቀርቷል። እኔ ቡታጅራ ተወልጄ እዚህ እስካረጅ ብዙ ትልቅ ሰው አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። አሁንም ሳስበው ያስደነግጠኛል። እናመሰግንዎታለን። ከልባችን እንወድዎታለን።

በሉ ሁላችሁም ተነሱ። የእኔ ብርጭቆ አቮካዶ ጁስ ነው፤ ለመልካም ምኞት ይበቃል። አላህ ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥዎት፤ ቤትዎ ሰላም ይሁን፣ ልጆችዎ ይጡርዎት። ናዝሬት፣ ከጥሩው ጠርሙስ ቅጂላቸው፤ ሞላ አድርጊው።

ጋሽ ፈቃደ፣ ከዛሬ ጀምሮ ምን ይሸታል ብሎ የሚጠይቅዎ የለም። ዝም ብለው ይጠጡ።