ፈትተህ እንደገና እሰረው

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ላይ፣ በአንድ የገበያ ቀን አሰበ ተፈሪ ከወፍጮ ቤት ዱቄቴን ይዤ ስወጣ፣ እንዳላገኛቸው ስጸልይ ከሰነበትኳቸው ሴት ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምኩ። የልጄ የረዲያ አማት አዴ ኩብራ ነበሩ። ሻርፓቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ሊያልፉኝ ፈለጉ፤ ነገር ግን መንገዱን በአንድ ወገን አህዮች፣ በሌላው ወገን የጫት ጭነት ስለዘጋው ሁለታችንም መተላለፍ አቃተን።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አዴ ኩብራ» አልኳቸው።

«ወአለይኩም ሰላም» አሉ ወደ አህዮቹ እያዩ። ሰላምታን አለመመለስ ነውር ስለሆነ ብቻ እንደመለሱልኝ ገባኝ።

ከዚያ ቀን አሥራ አምስት ቀን በፊት አዴ ኩብራ ልጄን የስምንት ወር ሕፃን አሳዝለው ከሚኖሩበት ከመሰላ ወደ እኔ ልከዋት ነበር። ምክንያቱ አንዲት ወረቀት ነበረች። ረዲያ ባሏን በድሪን በድግምት አስራዋለች ተባለ። ያችን ወረቀት የጻፍኳት ደግሞ እኔ ነኝ። ልጄ ቤቷን ያጣችው እኔ በተማርኩት ፊደል ነው እያልኩ እነዚያን ቀናት እህል በአግባቡ ሳልቀምስ አሳለፍኩ።

የወረቀቷን ነገር ከመነሻው ማስረዳት አለብኝ። በቀበሌያችን የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ማንበብና መጻፍ ከቻልን በኋላ፣ አስተማሪያችን የሺሐረግ አንድ ልማድ አስጀመረችን። ከየመጽሐፉ የለቀመቻቸውን የፈላስፎች አባባሎች በደብተሯ ይዛ ትመጣለች። ፈላስፋ ማለት ሌላው አንዴ አይቶ ያለፈውን ነገር ተመልሶ የሚያይ ሰው ነው ብላ አስረዳችን። እኛ አባባሎቹን በእጃችን እየገለበጥን እንለዋወጣለን፤ በሳምንቱ ደግሞ እያንዳንዳችን የደረሰን ቃል በቤታችን ከምን ነገር ጋር እንደተገናኘ እንናገራለን። አንዷ ጎረቤቴ «ጆሮህ ሁለት ነው፤ አንዱን ለማትወደው ሰው አስቀምጥ» የሚል ደርሷት፣ በሳምንቱ የባሏን እህት ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው እንዳዳመጠቻት፣ ሴትየዋም እንደፈራችው መጥፎ ሳትሆን ወሬ የምታበዛ ብቻ ሆና እንዳገኘቻት ነግራን በሳቅ ፈረስን።

ለእኔ የደረሰኝ እንዲህ ይል ነበር፦ «ሸክሙ ከከበደህ መጀመሪያ አስተሳሰሩን እይ፤ ፈትተህ እንደገና እሰረው።»

በዚያው ሳምንት ረዲያ ከመሰላ በሰው አፍ መልእክት ላከችብኝ። ምንጩ ሩቅ ነው፤ ሕፃኗን በጀርባዬ፣ ጀሪካኑን በራሴ ተሸክሜ ወገቤ ሊቆረጥ ነው፤ መጥተሽ ውሰጂኝ አለች። እናት ነኝና ጠዋቱኑ ተነሥቼ ላመጣት ነበር። ነገር ግን ያ ቃል ያዘኝ። እንዳለ ገለበጥኩት፤ ትንሽ አድርጌ አጠፍኩት፤ ወደ መሰላ ለሚሄድ ሰው ሰጠሁት። ረዲያ አራተኛ ክፍል ድረስ ስለተማረች አነበበችው። ስታስብበትም የቤታቸው አህያ ጠዋት ሥራ እንደሌላት፣ ልብስ ሰፊው በድሪም ሱቁን የሚከፍተው ከረፈደ መሆኑን አስተዋለች። ባሏን ለመነችው፤ እሱም እሺ ብሎ በማለዳ በአህያ ውሃ መቅዳት ጀመረ።

አዴ ኩብራ ልጃቸው በሴቶች መሃል ጀሪካን ሲሞላ አዩ። ቤት ገብተው ሲፈትሹ ወረቀቷን ከፍራሽ ሥር አገኟት። እኛ አገር ትንሽ ሆኖ የታጠፈ ጽሑፍ ወይ ለልጅ አንገት በቆዳ የሚሰፋ ክታብ ነው፣ ወይ ለክፉ ነገር ከደጃፍ ሥር የሚቀበር ነው። ለሰው ምክር ብሎ ወረቀት የሚያጥፍ አልነበረም። ጎረቤታቸው በክሪ ትምህርቱን ግማሽ ላይ ያቋረጠ ሰው ነው፤ አንብብልኝ ቢሉት ብዙ ከተንገታገተ በኋላ ሁለት ቃል ብቻ አወጣላቸው። «ፈትተህ» እና «እሰረው»። ለአንዲት የወንድ እናት ከእነዚህ ሁለት ቃላት ሌላ ምን ያስፈልጋታል? የመጀመሪያው ፍቺ ነው፤ ሁለተኛው ወንድ ማሰር ነው።

አሁን ወደ መንገዱ ልመለስ። ረዲያ ምንም አላጠፋችም፣ ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኳቸው።

አዴ ኩብራ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «አንቺ? አንቺ ማሰር የጀመርሽው መቼ ነው?»

«ማሰር አይደለም፤ መጻፍ ነው። ምክር ነው የጻፍኩት።»

«ዛሬ ለምን እንደመጣሁ ታውቂያለሽ? ድግምት የሚፈታ ሼህ አለ ብለውኝ ነው። ድግምቱ ካልተፈታ በድሪ እስከ ጁምዓ ሚስቱን ይፈታታል። ቃሌ ነው።»

ጁምዓ ከነገ ወዲያ ነው። ወረቀቱ ከእሳቸው ጋር መሆኑን ጠየቅኳቸው፤ ከመቀነታቸው ፈትተው አሳዩኝ። ልጄ እንዳይፈረድባት አሁኑኑ ላንብብልዎት ብዬ እጄን ዘረጋሁ። እሳቸው ግን ወረቀቱን ወደ ደረታቸው አስጠጉ።

«እናቷ አይደለሽ? ለልጅሽ ስትይ ከባዶ ወረቀትም ታነቢያለሽ።»

ይህ ንግግር ቢያመኝም እውነት ነበረው። ማንበብ የማይችል ሰው የሚያምነው ጽሑፉን ሳይሆን የአንባቢውን አፍ ነው። ስለዚህ፣ እኔ ዝም ልበል፣ እርስዎ ከዚህ ገበያ የፈለጉትን ሰው ይምረጡና ያስነብቡ፣ ሁሉም አንድ ቃል ካልተናገሩ ልጄን በገዛ እጄ አስፈታታለሁ አልኳቸው። ቃሉ ካፌ ከወጣ በኋላ ፈራሁ፤ በችኮላ የጻፍኩት ጽሑፍ ባይነበብስ?

መጀመሪያ የመረጡት ጫት ነጋዴውን ዓሊዩን ነበር። ዓሊዩ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ሲያይ እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ።

«አዴ፣ ይሄ የመንግሥት ነገር አይደለም አይደል? ልጆች አሉኝ።»

የቤት ነገር መሆኑን ምለው አሳመኑት። ዙሪያውን ገልመጥ ብሎ አየና እኔ እንደጻፍኩት አነበበው። ከዚያ ሳይጠየቅ ሳቀ። ጫት አጥብቀው ካሰሩት ይግላል፣ አላልተው ካሰሩት ይረግፋል፤ ጫኞቹ ዘወትር ስለ ክብደቱ ያማርራሉ፣ ጥፋቱ ግን ያሰረው ሰው ነው አለ። ይህን የጻፈ ሰው ጫት ነጋዴ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

አዴ ኩብራ አልተረቱም። ወደ ማመልከቻ ጸሐፊው ወደ አቶ ዓባይ ስንሄድ መንገድ ላይ ይሞግቱኝ ጀመር።

«እሺ፣ ምክር ይሁን። ምክር በአፍ አይላክም? እናቴ ዘጠኝ ልጅ ስታሳድግ አንድ ወረቀት አልጻፈችም።»

«አፍ ይጨምራል፣ ይቀንሳልም፣ አዴ። ባለፈው ዓመት ረዲያ ስታረግዝ ‹ደህና ነኝ፣ አትምጪ› ብላ ላከችብኝ። በሦስት ሰው አፍ ዞሮ እኔ ጋ ሲደርስ ‹ደህና አይደለሁም፣ ነዪ› ሆኗል። እየሮጥኩ መጥቼ እርስዎ በር ላይ ስወድቅ አላዩኝም?»

ፈገግታቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑ። ያን ቀን እኔን ያነሡኝ እሳቸው ናቸው። ምክሩን ከአንድ ፈላስፋ ቃል እንደገለበጥኩትም ነገርኳቸው።

«ፈላስፋ የምትዪው ሰውዬስ? ከተራራ እንጨት ተሸክሞ ወርዷል? ስለ ሸክም ምን አግብቶት ያወራል?»

ለዚህ የመለስኩላቸው በትምህርት ቤት ያገኘሁትን ነው። ሰውዬው እንጨት ይሸከም አይሸከም አላውቅም። የፈላስፋ ቃል እንደ ትእዛዝ ተቀብለን የምንፈጽመው አይደለም፤ እንደ ልብስ ለክተን የምናየው ነው። ካልሆነን እንተወዋለን፤ የሺሐረግም የማይሆነንን ይዘን ስንመጣ ለምን እንዳልሆነን ትጠይቀናለች እንጂ አትቆጣንም። የአንድ ሊቅ ቃል ግን ሃያ ቤት ሲገባ ሃያ ሥራ ይሠራል አልኳቸው። «ልጄ ልክታ አየችው፤ ሆነላት። ጥፋቷ ይኸው ነው።»

አቶ ዓባይ መነጽራቸውን ጠርገው አነበቡ፤ ያው ቃል ነበር። ከዚያ በብዕራቸው ወረቀቱ ላይ ጠቆሙ። «‹አስተሳሰሩን› ላይ አንድ ‹ሰ› ጎድሏል። ማን ነው የጻፈው?» ሲሉ ጆሮዬ ጋለ። አዴ ኩብራ ግን በእኔ ማፈር ልባቸው ትንሽ ሳይራራ አልቀረም፤ ድግምት የሚጽፍ ሰው ፊደል አይሳሳትም ብለው ሳያስቡ አልቀሩም።

ቢሆንም አንድ ዘዴ አስበው ነበር። ወደ ሽንኩርት ሻጯ ወደ ማሚቴ ወሰዱኝ። ስምንት ዓመት ሽንኩርት የገዟት ሴት ናት፤ ፊደል እንደማትለይ በደንብ ያውቃሉ። መሃይሟ ያንኑ ቃል ከተናገረች ሁላችንም ተማክረን ኖሯል ማለት ነው። ይህንን ሐሳባቸውን በኋላ ራሳቸው ነገሩኝ።

ማሚቴ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወረቀቱን ተቀበለች። ጣቷን ከፊደሉ ሥር አድርጋ እንደ ሕፃን ቀስ እያለች «ሸ... ክ... ሙ...» ማለት ጀመረች። ከቃል ቃል እየተሻገረች፣ አንዳንዴም እየተመለሰች፣ እስከ መጨረሻው ደረሰች። ላቧ ወረደ። አዴ ኩብራ አፋቸውን ከፍተው ጣቷን ያዩ ነበር።

«አንቺ ማሚቴ፣ ማንበብ መቼ ተማርሽ?»

«ሁለት ክረምት ሆነኝ፣ አዴ። ሽንኩርት እንጂ ፊደል ስለማይገዙኝ አልነገርኩዎትም። አሁን ፍቺውን ልንገርዎት?»

አዴ ኩብራ ደነገጡ። «ፍቺ አልፈልግም። አንቺም ፍቺ ትዪኛለሽ?»

ሁለታችንም ሳቅን። ፍቺ ያለችው ትርጉሙን ነው፣ የቃልም ፍቺ አለ ብዬ አስረዳኋቸው። ትንሽ አሰቡና በእኛም በኦሮምኛ ያው ነው አሉ፤ የታሰረን መፍታትም፣ ሚስትን መፍታትም «ሂኩ» ነው፤ የነገር ትርጉምም «ሂካ» ነው። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ተለወጠ። በክሪ ሁለት ቃል ብቻ ይዞ የቀሩትን እንደጣላቸው የገባቸው ያኔ ይመስለኛል።

ማሚቴም ፍቺዋን ተናገረች። ከአማቷ ጋር አሥር ዓመት በአንድ ጓዳ ተኳርፈው ኖረዋል። «ሸክሜ እሳቸው ይመስሉኝ ነበር። ከሞቱ በኋላ ሳስበው ሸክሙ እሳቸው አልነበሩም። ሥራውን ሁሉ እኔ ላይ የጫነ አስተሳሰር ነበር፤ እሱንም ያሰርነው እኔም እሳቸውም አይደለንም፤ ስንመጣ ታስሮ ነው ያገኘነው። ምነው ያኔ ፊደል በቆጠርኩ።»

አዴ ኩብራ የሽንኩርቱ ማዳበሪያ ላይ ተቀመጡ። ልጃቸው በሴቶች መሃል መቆሙ እንደሚያሳፍራቸው ብቻ ቀስ ብለው ተናገሩ። ነቢያችን ጫማቸውን ራሳቸው ይጠግኑ፣ ቤተሰባቸውንም በሥራ ያግዙ እንደነበር የመስጊድ ሼሆች ነግረውን የለም ወይ አልኳቸው። ለራሱ ልጅ ውሃ የቀዳ ሰው በምን ያፍራል?

ጀርባቸውን በእጃቸው ያዙ። «የእኔን ወገብ ያጎበጠው ውሃ ነው፣ የረዲያ እናት። ሠላሳ ዓመት። እኛም አህያ ነበረን። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ትሞቅ ነበር።»

ከዚያ ተነሡ። ወደ ሼሁ ቤት አልሄዱም፤ ወደ ቤትሽ ምሪኝ አሉኝ።

ረዲያ አማቷን ስታይ ጉልበታቸውን ሳመች፤ ሻንጣዋን ግን አላነሣችም። መሰላ ውስጥ ድግምተኛ ተብያለሁ፣ ይህ ስም እያለ ቤቴ ብገባ ልጄም የድግምተኛ ልጅ ትባላለች አለች። እኔ እንዳይቆጡ ፈርቼ ልጄን ዝም በይ ልላት ነበር። አዴ ኩብራ ግን ልክ ነሽ አሏት። ወደ ደጅ ወጥተው ጎረቤቶቼን ጠሩና፣ መሰላ ላይም በምንጩ ዳር ይህንኑ እደግመዋለሁ ብለው እንዲህ አሉ፦

«ልጄን ያሰረው የለም። እኔ ሳላነብ ፈረድኩ። ረዲያ ንጹሕ ናት፤ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ።»

ረዲያም ሻንጣዋን አነሣች። ጁምዓ ደርሶ አለፈ፤ በድሪ አልፈታትም። የመሰላ ሴቶች እንደነገሩኝ አዴ ኩብራ በምንጩ ዳር የገቡትን ቃል ፈጽመዋል። አሁን በዚያ ምንጭ ሌሎች ሦስት ወንዶችም አህያ ይነዳሉ።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ከዚህ ነገር የተማርኩትን በግልጽ ልናገር። ጥሩ ቃል ሲገለበጥና ሲሰጥ ብዙ ቤት ይገባል፤ ያነበቡት ሰዎች ተቀምጠው ሲነጋገሩበት ደግሞ የአንዱ መከራ ለሌላው ትምህርት ይሆናል። ማንበብ የቻለች ሴት የሰውን አፍ ሳትለምን እውነቱን ታውቃለች፤ በተባለ ብቻ ሰው አትከስስም። ትምህርትን ጀምሮ መተው ግን አደጋ ነው፤ ግማሽ ንባብ የልጄን ትዳር ሊያፈርስ ነበር። በክሪም ይህን አምኖ ወደ ትምህርቱ ተመልሷል። እኔም ከዚያ ወዲህ የጻፍኩትን ሁለት ጊዜ ሳላነብ ለማንም አልሰጥም።

አዴ ኩብራም መሰላ ላይ ተመዝግበዋል። የመጀመሪያው ቀን አስተማሪው «ሀ» ብሎ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ እጃቸውን አነሡና፣ እኔ ከሱ አልጀምርም፣ መጀመሪያ «ፈትተህ» እና «እሰረውን» አስተምረኝ አሉት። እሱም እሺ አላቸው። ሁለቱን ቃላት አሁን አጥርተው ይጽፋሉ፤ የቀሩትን ፊደላት በመማር ላይ ናቸው።