ቤሩት ስንት ሰዓት ያስኬዳል?

ከደብረ ማርቆስ ወደ ጉንደ ወይን በሚሄደው ሚኒባስ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌና አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አይተዋወቁም። ወሬውን የጀመሩት እሳቸው ናቸው።

«ልጄ፣ ተማሪ ትመስያለሽ። ከአዲስ አበባ ቤሩት በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ያስኬዳል?»

«አራት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው፣ አባባ።»

«ይህችው ናት? እኔ ከቤቴ መርጡለ ማርያም በእግሬ አምስት ሰዓት እሄድ የለም እንዴ!»

«ቤሩት ሰው አለዎት?»

«ሴት ልጄ አለች። እናቷ ከሞተች አምስት ወሯ ነው፤ ለልጅቷ አልነገርናትም።»

«አምስት ወር ሙሉ? በስልክ እንኳ?»

«መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ? መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገር። እዚያ ብትወድቅ ማን ይይዛታል? ሄጄ እኔው ራሴ ላረዳት ብዬ ነው የምጠይቅሽ።»

«ፓስፖርት አለዎት?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ስትደውል ‹እማዬን አገናኘኝ› አትልም?»

«እሁድ እሁድ ትላለች። ‹መርጡለ ማርያም ልትሳለም ሄዳለች› እላታለሁ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሌላ ምን ልበል? ባለፈው እሁድ ‹አባዬ፣ እማዬ ድሮ መርጡለ ማርያም ሄዳ በማግስቱ ትመለስ ነበር እኮ› አለችኝ።»

«ምን አሏት?»

«ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች። ስልኩን ግን አልዘጋችውም።»

መውረጃዬ በመስኮት እያየሁት አለፈኝ፤ «ወራጅ አለ» አላልኩም።