ስለተቀደደው የአሸዋ ከረጢት የፌሊሲያኖ ካንቼ ቃል

የምስክሩ ስም፦ ፌሊሲያኖ ካንቼ ኡክ (በመንደሩ አጠራር ዶን ቻኖ)
ዕድሜ፦ 78
የጋብቻ ሁኔታ፦ ሚስታቸው በሞት የተለየቻቸው
ሥራ፦ ዓሣ አጥማጅ
አድራሻ፦ ዩካታን፣ ፑንታ ሜኮ መንደር፣ በባሕሩ በኩል የመጨረሻው ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ቦታ፦ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 2017፣ ፑንታ ሜኮ ፖሊስ ጣቢያ
ቃሉን የተቀበለችው፦ መርማሪ ሩቢ ኖቬሎ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የሰፈረው ምስክር፣ ማንም ሳይጠራኝ በገዛ እግሬ ወደ ጣቢያው መጥቼ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። የመጣሁት የክርስትና ልጄ ኤሊሂዮ ፔች በትልቁ ሆቴል ፊት ለፊት የተቀበረውን የአሸዋ ከረጢት በቢላዋ ቀደሃል ተብሎ ከትናንት ጀምሮ እዚህ ስለታሰረ ነው። ከረጢቱን የቀደደው እሱ አይደለም። የቀደደውን አውቀዋለሁ።

ነገሩ የሆነው ከትናንት በስቲያ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ከቤቴ በራፍ ተቀምጬ መረብ ስጠግን ነፋሱ ድንገት ቀጥ አለ። ባሕሩ ዝም አለ፣ ውሾቹም ዝም አሉ፣ ሰማዩ በሰሜን በኩል እንደ በለዘ ሥጋ ጠቆረ። ኖርቴ፣ የሰሜኑ ማዕበል፣ መጣ ማለት ነው። ኖርቴ ሲመጣ በእኛ መንደር ጀልባ ባለቤት የላትም። የማንም ትሁን የማን፣ የተጣላህም ቢሆን፣ የደረሰ ሰው ሁሉ ገመድ ይዞ ይጎትታል። ሲጎትትም የማን ናት ብሎ አይጠይቅም፤ ነውር ነው።

ችግሩ ግን የሚጎተትበት አሸዋ አልቋል። በመንደሩ በኩል ባሕሩ ዓመት በዓመት እየበላ ከቤቶቹ ግድግዳ ደርሷል። አሸዋ የቀረው በሆቴሉ ፊት ብቻ ነው። እዚያ ኢቮን የምትባል መሐንዲስ እንደ ትልቅ ዘንዶ የረዘመ፣ ከወፍራም ጨርቅ የተሰፋና አሸዋ የተሞላ ከረጢት አስቀብራለች። እንግዶቹ እንዳያዩትም ከላዩ አሸዋ አልብሰውታል። ከረጢቱ ከምሥራቅ የሚመጣውን አሸዋ ይይዛል፣ ሆቴሉ ይቆማል፣ እኛ ጋ የሚደርሰው ግን ይቀንሳል። ይህን እሷው ራሷ መንደር ድረስ መጥታ ሳትደብቅ ነግራናለች፤ በጸደይ በእኛም በኩል አሸዋ በመርከብ አምጥተን እንደፋለን ብላለች። እኔ የዚያን ቀን አላመንኳትም። ዛሬም እመናት አልተባልኩም።

ወደ ነገሩ ልመለስ። ሁላችንም ጀልባዎቹን ጥልቀት በሌለው ውኃ እየገፋን ወደ ሆቴሉ በኩል ወሰድናቸው። ዝናቡ ገና አልጀመረም፤ ብርሃኑ ቢጫ ሆኖ የሰው ፊት ሁሉ የፎቶ ፊት ይመስል ነበር። በዚህ መሐል ቀና ብል ጉብታውን አየሁት። በልጅነታችን ከዚያው ቦታ ላይ ትልቅ የአሸዋ ጉብታ ነበረ፤ አባቶቻችን በኖርቴ ጀልባ የሚያወጡት እሱ ላይ ነው። ሚስቴ ኤርሚላ ነፍሷን ይማርና፣ ገና ሳልጠይቃት፣ የአባቷን ሸሚዞች የምታሰጣው እዚያ ላይ ነበር። ባሕሩ ወስዶት የቀረ ጉብታ ነው። እሑድ ግን ነጭ ሆኖ፣ ክብ ሆኖ፣ ሣሩ ሳይቀር በላዩ በቅሎ በቦታው ቆሞ አየሁት። ተመልሶ የመጣ መሰለኝ። ደስ አለኝ።

«በዚህ በኩል! ጉብታው ላይ አውጧት!» ብዬ ጮህኩ።

ኤሊሂዮ ገመዱን እንደያዘ፣ «አባቴ፣ ይሄ ጉብታ አይደለም፣ የሆቴሉ ከረጢት ነው፤ በወዲያ እንዙር» አለኝ።

«አንተ ሳትወለድ እዚህ ጀልባ አውጥቻለሁ፤ ጎትት!» አልኩት።

«ኧረ በፈጠረህ፣ ጀልባዋ ከሆዷ በታች ብረት አላት!»

«ከፈራህ ሂድና ከሩፊና ቀሚስ ስር ግባ» አልኩት። ሩፊና ሚስቱ ናት፤ በዚያው ሆቴል ክፍል ታጸዳለች። ሰዎቹ ሳቁ። እሱም እንደ ሁሉም ሰው ጎተተ።

መጀመሪያ ያለፈችው የኔ ጀልባ ናት። ስሟ ኤርሚላ ነው፣ ቀለሟ ሰማያዊ ነው። ጉብታው ላይ ስትወጣ ከስሯ የአዲስ አቡጄዲ መቀደድ የመሰለ ረጅም ድምፅ ሰማሁ። ነፋሱ ነው አልኩ። ሌሎቹ ጀልባዎች በዚያው መንገድ ተከተሏት። ዝናቡ ወረደ፤ ሁላችንም ወደየቤታችን ሮጥን። አንድም ጀልባ አልጠፋም።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ነቃሁ። ነፋሱ የለም። ባሕሩ ወተት የፈሰሰበት ይመስል ነጣ ብሎ ተኝቷል። በባዶ እግሬ እስከ ሆቴሉ ሄድኩ። ጉብታው ጎኑ ተከፍቶ አሸዋው ይወጣል፤ አይሮጥም፣ ቀስ እያለ እንደ ዱቄት ውኃው ውስጥ ይወርድና ከስር እንደ ጭስ እየተሳበ ወደ መንደራችን በኩል ይሄዳል። እስከ ጉልበቴ ገብቼ ቆምኩ። በእግሮቼ ጣቶች መሐል ያልፍ ነበር። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። መርማሪዋ በቦታው ሌላ ሰው ነበር ወይ ብላ ጠይቃኛለች፤ ኤርሚላ አጠገቤ የቆመች መስሎኝ ነበር፤ ለእሷ ግን መጥሪያ አይደርሳትም።

ኋላ ስዞር ኤሊሂዮን አየሁት። ቀዳዳው ስር ተንበርክኮ፣ ቢላዋውን በጥርሱ ነክሶ፣ በመረብ መስፊያ መርፌና በሲባጎ ከረጢቱን ይሰፋል።

«ምን ትሰፋለህ?» አልኩት።

ቢላዋውን ከአፉ አወጣና፣ «ያንተን ጉድ» አለኝ።

«ተወው ይፍሰስ፣ ወደ ቤቱ እየሄደ ነው።»

«ወደ ቤቱ አይደለም፣ ዛሬ መንደር ቢደርስ ነገ ደግሞ አልፎ ይሄዳል። ሆቴሉ ከወደቀ ደግሞ ሩፊና የት ልትሠራ ነው? ያንተን ጉብታ ልትጠርግ ነው?»

ተናድጄ ትቼው ሄድኩ። መረብ አልጋዬ ላይ ገብቼ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። የሆቴሉ ዘበኛ ኤሊሂዮን ቢላዋ በእጁ እንደያዘ ያገኘው ያን ጊዜ ነው። ቢላዋው ሲባጎ መቁረጫ ነበር። ዘበኛውን አልከስም፤ ያየውን ነው የተናገረው። ኤሊሂዮ ግን ተይዞ፣ ማን እንደቀደደው ተጠይቆ፣ አላውቅም ብሏል አሉኝ። ያውቃል። ስሜን ላለመጥራት ነው። ይህንን ትናንት ማታ ሩፊና መጥታ ከበራፌ ቆማ ነገረችኝ፤ አልገባችም፣ ወንበር ብሰጣትም አልተቀመጠችም።

መርማሪዋ «ባለማወቅ» ብላ ልትጽፍልኝ ነበር። ልጄ፣ ሰርዢው ብያታለሁ። ተነግሮኛል። እምቢ ብዬ ነው። ሌሎቹም እኔ ስላልኩ ጎተቱ እንጂ የራሳቸው ጥፋት የላቸውም። ማስረጃ ከተፈለገ ሄዳችሁ ጀልባዬን ገልብጧት፤ ከብረቷ ስር የከረጢቱ ጨርቅ ቁራጭ ተሰክቶ አለ፣ ከረጢቱ ላይም ሰማያዊ ቀለሟ አለ። ጀልባዋ በኤግዚቢትነት ልትያዝ እንደምትችል፣ ምናልባትም እንደማትመለስልኝ ተነግሮኛል። ሌላ ጀልባ የለኝም። ውሰዷት።

ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። የተናገርኩት ተጽፎ ከላይ እስከ ታች ጮክ ተብሎ ተነቦልኛል፤ አንድ ቦታ አስቁሜ አስተካክያለሁ፣ የቀረው እንደተናገርኩት ነው። ሳልገደድና ሳልባበል፣ እውነቱን ብቻ መናገሬን በጣት አሻራ ሳይሆን በገዛ እጄ ስሜን ጽፌ አረጋግጣለሁ።

ፌሊሲያኖ ካንቼ ኡክ (ፊርማ)
መርማሪ ሩቢ ኖቬሎ (ፊርማ)

የመርማሪ ማስታወሻ፦ ምስክሩ ከፈረሙ በኋላ መሄድ እንደሚችሉ ቢነገራቸውም ተጠርጣሪውን ሳልይዝ አልወጣም ብለው በአግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ጀልባዋ ተገልብጣ የጨርቁ ቁራጭ በተባለው ቦታ ተገኝቷል። ኤሊሂዮ ፔች በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተለቋል። ከክፍሉ ሲወጣ ምስክሩን አይቶ «አባቴ፣ ማን ና አለህ?» ሲል፣ ምስክሩ «ዝም በልና ጫማህን አድርግ፤ ሩፊና ውጭ ቆማለች» ብለዋል። ተያይዘው ወጥተዋል።